የአባቴ የጠመንጃ መነጽር ለአደን ይሆናል ወይ? የሥራ ማስታወሻ ከደሴ

መስከረም፣ ክረምቱ እንደወጣ

አባቴ ትቶልን ካለፈው ዕቃ ውስጥ አንድ የጠመንጃ መነጽር አለ። ብዙ ሰው ስኮፕ ይለዋል፤ እኔም እንደዛው እላለሁ። አባቴ በባሌና በኦሞ በኩል ለአደን እንግዶች ሾፌር ሆኖ ለዓመታት ሠርቷል። ስኮፑን አንድ እንግዳ ሲሰናበት ሰጠው። ጠመንጃ አብሮት የለም። በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ኖረ።

ታላቅ ወንድሜ የአባታችንን መንገድ ተከትሎ ደቡብ ላይ ፈቃድ ባለው የአደን ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ዱካ ተከታይ ነው። ካምፑ ውስጥ በድርጅቱ ስም የተመዘገበ አንድ መጠባበቂያ ጠመንጃ አለ፤ ጥይቱ ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚባለው ነው። ስኮፕ የለውም። "እስቲ በደንብ እየው። የሚሆን ከሆነ እንግጠመው፤ የማይሆን ከሆነም እማዬ ጋ ይቀመጥ" አለኝ።

እኔ ደሴ ፒያሳ መነጽር ቤት ነው የምሠራው። ሌንስ እቆርጣለሁ፣ ፍሬም እጠግናለሁ። ካሜራና ቢኖኩላርም አልፎ አልፎ ይመጣልኛል። ስለ መስታወቱ የምለው አለኝ። ስለ ተኩሱ ግን የሚፈርደው ወንድሜና አብሮት የሚሠራው ባለሙያ አዳኝ ነው።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት ዕቃውን ይዤ የሚመለከታቸው የጸጥታ ሰዎች ጋ ሄድኩ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 አለ፤ ጊዜውም ጊዜ ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚሄድ፣ የማን ጠመንጃ ላይ እንደሚገጠም ከድርጅቱ ደብዳቤ ጋር አሳየሁ። "ቀጥል" ተባልኩ። ይህን የምጽፈው ሌላም ሰው እንዲህ ያለ ውርስ እጁ ከገባ ነገሩን ከዚህ እንዲጀምር ነው።

አሁን ስለ ዕቃው። ቱቦው ብረት ነው፤ ማግኔት ይይዘዋል። ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙ ቀለበት ይይዘው በነበረበት ቦታ ተገፏል። ጽሑፉ ከመታሸት ብዛት ጠፍቶ "ኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ" እና "ኬ 4" የሚሉት ብቻ በጎን ብርሃን ይነበባሉ። ስለዚህ ዊቨር የሚባለው የአሜሪካ ስኮፕ ነው። ቢል ዊቨር ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1930 ጀመረ፤ በ1933 ወደ ኤል ፓሶ አዛወረው። የኬ ተከታታይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጣ ነው። 4 ቁጥሩ 4 ጊዜ ያጎላል ለማለት ነው። በዘመኑ የተመሰገነ ሥራ ነው፤ ዛሬም እጅ ላይ ሲይዙት ጥንካሬው ይታወቃል።

ቱቦውን በካሊፐር ለካሁት፦ 25.4 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ኢንች። ይህ መታወቅ አለበት። የድሮ የአውሮፓ ስኮፖች ብዙ ጊዜ 26 ወይም 30 ሚሊ ናቸው። 26ቱን በአንድ ኢንች ቀለበት አስገድዶ ማጥበቅ ቱቦውን ይጨፈልቃል። የእኔው የኋላ ቀለበት የነበረበት ቦታ ላይ 25.2 ነው። ትንሽ ተጨምቋል። በመስታወት ጠረጴዛ ላይ ሳንከባልለው ግን አልዘለለም። ቱቦው ቀጥ ያለ ነው።

መስከረም አጋማሽ፣ መስታወቱ

የስልኬን መብራት በፊት ሌንሱ በኩል አግድም አበራሁበት። ከጠርዙ የተነሳ ቀጭን ነጭ ክር ወደ መሀል እየተቀረነጫፈ ገብቷል። ሻጋታ ነው። ከውጭም አለ፣ ከውስጥም አለ።

ምክንያቱ ማኅደሩ ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ የደሴ ክረምት ደግሞ የታወቀ ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ቤት ውስጥ ሁሉ ይገባል። ቢኖኩላርም ሆነ ካሜራ በቆዳ ማኅደር ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁ ሰዎች ዛሬውኑ አውጡት። ማኅደሩን ለማስታወሻ አስቀምጡ፤ ዕቃውን ግን ክዳኑ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አድርጉት።

ቀጥሎ ነጸብራቅ እንዲቀንስ ሌንስ ላይ የሚደረገውን ቅብ አየሁ። አምፖል ከላይ አብርቼ በሌንሱ ላይ የሚመለሰውን የአምፖሉን መልክ ተመለከትኩ። ነጭ ከሆነ መስታወቱ ያልተቀባ ነው። የእኔው ወደ ሐምራዊ ያደላ ሰማያዊ ነው፤ አንድ ንብርብር ቅብ አለው ማለት ነው።

ይህ ለአደን ምን ትርጉም አለው? ያልተቀባ መስታወት አየር በሚነካው በእያንዳንዱ ፊቱ ከብርሃኑ 4 በመቶ ገደማ ይመልሳል። አንድ ንብርብር ቅብ ያንን ወደ 1.5 በመቶ አካባቢ ያወርደዋል። የዛሬው ባለ ብዙ ንብርብር ደግሞ ከ0.5 በመቶ በታች ያደርሰዋል። ስኮፑ ውስጥ 10 እንዲህ ያሉ ፊቶች አሉ ብለን እናስላ። ያልተቀባው 66 በመቶ ያህሉን ብቻ ያሳልፋል። አንድ ንብርብሩ 86፣ የዛሬው 95። ቀን ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው የሚታወቀው።

የውጩን ሻጋታ አጸዳሁ። መጀመሪያ በእጅ ፓምፕ አየር አቧራውን አስወገድኩ፤ አቧራ ላይ ጨርቅ ማሸት መስታወቱን ይቧጭራል። ከዛ ከፋርማሲ የተገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጥጥ ነክሬ ከጠርዙ ላይ ሞከርኩ። የድሮ ቅብ አንዳንዱ ለስላሳ ስለሆነ ከነጥጡ ይነሳል። ይህኛው ጸና። ከመሀል ወደ ውጭ እያዞርኩ ጠረግሁት፣ በአልኮል ጨረስኩት። ክሩ ጠፋ። ዱካው ግን በጎን ብርሃን በስሱ ይታያል፤ ሻጋታው የሚያወጣው አሲድ ቅቡን በልቶታል። ያ አይመለስም።

እዚሁ ላይ ሁለት ልኬት ወሰድኩ። የፊት ሌንሱ ክፍት ስፋት 31 ሚሊ ነው። ስኮፑን ወደ መስኮት ብርሃን አዙሬ ከኋላው ስስ ወረቀት ያዝኩ። ወረቀቱ ላይ የጠራች የብርሃን ክብ ትወጣለች። ክቧ 8 ሚሊ ገደማ ናት። 31ን ለ8 ስናካፍል 3.9። ማጉያው እንደተጻፈበት ነው። ክቧ ጥርት የምትለው ከዓይን ሌንሱ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃ ነው። ይህ ጥሩ ዜና ነው። ሠላሳ ዜሮ ስድስት ይራገጣል፤ ዓይን ከስኮፑ ራቅ ካላለ ቅንድብ ይሰነጠቃል።

8 ሚሊም ከበቂ በላይ ነው። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ ቢከፈት የወጣቱ 7 ሚሊ ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል። ስለዚህ ይህ ስኮፕ ሲመሽ ቢደክም የሌንሱ ማነስ አይደለም። ቅቡና ሻጋታው ነው።

የዓይን ሌንሱ ማስተካከያ ተጣብቆ አልዞር አለ። ፒንሳ አላስጠጋሁትም። ከብስክሌት ከመነዳሪ ሰፋ ያለ ቁራጭ ቆርጬ ጠቀለልኩበት፣ በፀጉር ማድረቂያ ለብ አደረግሁት፣ በእጅ ዞረ። ከመነዳሪ ለዚህ ሥራ ከየትኛውም የተገዛ ቁልፍ ይሻላል።

መስከረም መጨረሻ፣ መያዣው

አጥርቶ ማሳየቱ ሁለተኛ ነገር ነው። የጠመንጃ ስኮፕ ከሁሉ በፊት ያስያዙትን ቦታ መልቀቅ የለበትም። ወንድሜ እንደሚለው ድርጅታቸው ውስጥ ቆስሎ የጠፋ እንስሳ እንደተገደለ ተቆጥሮ ይከፈልበታል። ክፍያው ይቅርና፣ ቆስሎ ጫካ ውስጥ የሚሞተው እንስሳ ነው የሚያንገበግበው። አባቴም በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ዋናው ፈተና መስቀለኛው መስመር (ስኮፑ ውስጥ የሚታየው ማነጣጠሪያ) ሲያዞሩት ይሄዳል ወይ፣ ሲተዉት ይቆማል ወይ የሚለው ነው።

ይህን ለማየት መተኮስ አያስፈልግም። ስኮፑ የማይነቃነቅ ነገር ላይ መታሰርና ፊት ለፊቱ ካሬ የተሰመረበት ወረቀት መኖር አለበት። ቦታ ግን ያስፈልጋል። ደሴ ውስጥ ይህን ዕቃ ከሰገነት ላይ ወደ ሰው ሰፈር ማዞር አይሆንም። ሰው ይደነግጣል፤ ቢደነግጥም እውነት አለው። ኮምቦልቻ የአጎቴ ልጅ የእህል መጋዘን አለው፤ ግቢው በግንብ የታጠረ፣ ረጅም። ሥራውን ወደዛ ወሰድኩት።

የመጀመሪያውን መያዣ ከባሕር ዛፍ ጣውላ ሠራሁ፣ በቪ ቅርጽ ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ በሞርሳ የተያዘ። አልሆነም። ጠዋት መስመሩ ላይ የተቀመጠው መስቀል ከሰዓት በኋላ 1 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ተገኘ። ስኮፑ ይሁን ጣውላው አይለይም። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ አይደለችም። ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ወርዳ ነው ያለችው፤ ቀን ላይ ቆርቆሮው ሥር ይጋግራል። እንጨቱ በሙቀቱ ይሠራል።

ሁለት ነገር ለወጥኩ። ባለ ቶርኖው ጋ ሄጄ ከአልሙኒየም ብሎክ 25.4 ሚሊ የተቦረቦረ፣ ከላይ በብሎን የሚጠብቅ መያዣ አስወጣሁ። 1,200 ብር። መያዣው ላይ ደግሞ 300 ብር የገዛሁትን የላዘር እስክርቢቶ አሰርኩ። የላዘሩ ነጥብ ወረቀቱ ላይ ከቦታው ካልተነቃነቀ መያዣው አልተነቃነቀም ማለት ነው። ከዛ በኋላ መስቀሉ ቢሄድ የስኮፑ ነው። ይህ ትንሽ ዘዴ ብዙ ክርክር አስቀረልኝ።

ጥቅምት መጀመሪያ፣ መስመሩ ይሄዳል?

ወረቀቱ 25 ሜትር ላይ ነው። ባለ 1 ሴንቲ ሜትር ካሬ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተምኩት፣ 60 ብር።

ከመጀመሬ በፊት ስለ ፓራላክስ ማሰብ ነበረብኝ። ስኮፑ ታስሮ ዓይኔን ወደ ግራና ቀኝ ሳንቀሳቅስ መስቀሉ ወረቀቱ ላይ ይንሸራተታል። የድሮ የአደን ስኮፖች አብዛኛውን ጊዜ ወደ 100 ሜትር አካባቢ ተስተካክለው ስለሚወጡ በ25 ሜትር ይህ የተለመደ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሌንሱ ግማሽ 15.5 ሚሊ፤ ርቀቱ ከተስተካከለበት በ75 በመቶ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ዓይን ጫፍ ድረስ ቢወጣ ስህተቱ 1.2 ሴንቲ ያህል ይደርሳል። 200 ሜትር ላይ ደግሞ 1.6 ሴንቲ ገደማ። ለአደን ይህ ከቁጥር አይገባም። ለእኔ ልኬት ግን ያበላሻል። ከካርቶን ክብ ቆርጬ መሀሉን 2 ሚሊ በስቼ የዓይን ሌንሱ ላይ ለጠፍኩ። በቀዳዳዋ ብቻ ሲታይ ዓይን ሁልጊዜ መሀል ነው።

ሌላም ነገር ታየ። የከፍታውን ማስተካከያ ሳዞር መስቀሉ ራሱ ከሚታየው ክብ መሀል እየለቀቀ ወደ ዳር ይሄዳል። በኋላ የመጡት ስኮፖች ውስጥ መስቀሉ ሁሌም መሀል ሆኖ ነው የሚታየው። ይህ የድሮው አሠራር ነው። ብልሽት አይደለም፤ ግን ጠመንጃው ላይ ሲገጠም ጣጣ አለው። እመለስበታለሁ።

አሁን ልኬቱ። የማስተካከያው ክብ ላይ መስመሮች አሉ። 10 መስመር ወደ ላይ አዞርኩ። እያንዳንዱ መስመር አንድ የማዕዘን ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ 1/60)፣ ማለትም በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ ከሆነ በ25 ሜትር 7.3 ሴንቲ መሄድ አለበት። 5.5 ሄዶ ቆመ። የካቻቢቴውን እጀታ ይዤ ቱቦውን ቀስ ብዬ ኳ ኳ አደረግሁት። መስቀሉ ዘሎ 7 ላይ ደረሰ። ወደ ኋላ መለስኩት፤ ከመነሻው 1.2 ሴንቲ ሳይደርስ ቆመ። እንደገና ኳ ኳ፤ ግማሹን ተጠጋ።

ከዛ የሳጥን ፈተና የሚባለውን ሠራሁ። ወደ ላይ 10፣ ወደ ቀኝ 10፣ ወደ ታች 10፣ ወደ ግራ 10። መስቀሉ በተነሳበት መጨረስ አለበት። ከመነሻው 1.5 ሴንቲ ርቆ አረፈ። በ100 ሜትር 6 ሴንቲ ነው። ድግግሞሹም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዴ በላይ፣ አንዴ በጎን። በዚህ ሁኔታ ለአደን አይሆንም። ለወንድሜ ደውዬ እንዲሁ ነገርኩት። "እንግዲያው ተወው" አለ። "ቆይ" አልኩት።

"ቆይ" ያልኩት ምልክቱን ስላየሁ ነው። መስቀሉ ሲተዉት አይሄድም። ሲያዞሩት ነው የሚይዘው፣ ሲመታ ደግሞ ይለቀዋል። ላዘሩ ከቦታው አልተነሳም። ውስጡ ያለው ሞላ የላላ ቢሆን ኖሮ ሳይነካም ይዋልል ነበር። ይህ የደረቀ ግሪስ ነው የሚመስለው። ስኮፑ ለብዙ ዓመት ሳይዞር ተቀምጧል፤ ውስጡ ያለው ግሪስ እንደ ሰም ደርቋል።

ግሪስ የሚያሟሟ ነገር አልረጨሁበትም። ብዙ ሰው ጋራዥ ውስጥ ዝገት ማላቀቂያ ይረጫል። ስኮፕ ውስጥ ያ ፈሳሽ ተንኖ ሌንሱ ላይ ያርፋል፤ ከዛ በኋላ ማን ያወጣዋል? ያደረግሁት ሌላ ነው። ስኮፑን በካርቶን ውስጥ ከአምፖል ጋር አስቀምጬ በቴርሞሜትር 40 ዲግሪ አካባቢ ያዝኩት። ለብ እንዳለ ሁለቱንም ማስተካከያዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞርኩ። ዳር ሲደርስ ሳላስገድድ መመለስ፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና ማሞቅ። ይህን ደጋገምኩት። መጀመሪያ ጣት ላይ እየያዘና እየለቀቀ የሚዞረው እያደር ለሰሰ። ወጥ ሆነ።

ሳጥኑን እንደገና ሠራሁ። 10 መስመር አሁን 7.1 ይሄዳል። መመለሻው ከመነሻው በ3 ሚሊ ውስጥ ያርፋል። በ100 ሜትር 1.2 ሴንቲ ነው። ከኳ ኳ በኋላ 2 ሚሊ ይነቃነቃል እንጂ አይዘልም። እኔ ከዚህ በላይ አልጠበቅሁም። በዚህ ዕድሜው ይህን ካደረገ ጥሩ ዕቃ ነው።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ማሸጊያው

ሰዎች ስኮፕ ውሃ ያስገባ እንደሆነ ለማየት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋ ይጠብቃሉ። ውስጡ ሻጋታ ያለው ዕቃ ላይ ይህን አላደርግም። ቢያስገባ ጉዳቱ የባሰ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩትና ጠዋት ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ አወጣሁት። የውጩ ሌንስ ወዲያው ላበ፤ ያ የማንኛውም ቀዝቃዛ መስታወት ነው። ጠረግሁት። ከውስጥ ግን ክብ ጭጋግ ቀረ፣ ፊት ሌንሱ ላይ። ደረቅ አየር ቢኖረው ኖሮ አይላብም ነበር። ማሸጊያው ሞቷል።

ይህ መጥፎ ዜና ቢሆንም አንድ ውሳኔ ቀለለልኝ። እስከዛ ድረስ ስኮፑን ላለመክፈት ነበር ሐሳቤ። ውስጡ ደረቅ ጋዝ ካለ መክፈት ያንን ማባከን ነው፤ መልሶ የሚሞላልኝ ሰው እዚህ የለም። አሁን ግን የሚባክን ነገር የለም። ውስጥ ያለው የደሴ የክረምት አየር ነው።

ፊት ያለውን ብቻ ከፈትኩ። ከመክፈቴ በፊት ቀለበቱና ቱቦው የሚገናኙበት ላይ በመርፌ ቀጭን መስመር ጫርኩ። ሌንሱ በጥርሱ ምን ያህል እንደገባ ነው ፓራላክሱን የሚወስነው። አንድ ዙር ቢጎድል 100 ሜትሩ 100 ሜትር አይሆንም። ማሸጊያ ላስቲኩ ደርቆ ሲነካ ተሰባበረ። የውስጡን ሻጋታ እንደ ውጩ አጸዳሁ። መስቀሉን አልነካሁም፤ እሱ የፀጉር ያህል ቀጭን ሽቦ ነው፣ በጥጥ ነክቶ የበጠሰው ሰው መልሶ አይተክለውም። ስኮፑን ተከፍቶ እንዳለ በሲሊካ ጄል ሣጥን ውስጥ አሰነበትኩት። ከዛ ልኩ የተገኘ ኦሪንግ (80 ብር፣ ከመኪና መለዋወጫ ቤት) በስሱ ግሪስ ቀብቼ፣ ጠዋት አየሩ ደረቅ ሲሆን ገጠምኩት፣ ጭረቱ ከጭረቱ ጋር እስኪገጥም።

የፍሪጁን ፈተና ደገምኩት። የውስጡ ጭጋግ አልተመለሰም። በግቢው ርዝመት 100 ሜትር ላይ ፓራላክሱን አየሁ፤ ዓይን ሲሄድ መስቀሉ ከነጥቡ አይለቅም። እንደነበረ ገብቷል። ደረቁ ጋዝ፣ ናይትሮጅን፣ አልተሞላም። ስለዚህ ዝናብ ላይ የሚውል ዕቃ ነው አልልም።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ሲመሽ

ወንድሜ ለጥቂት ቀን ቤት መጥቶ ካምፑ የሚሠራበትን ባለ 8 በ42 ቢኖኩላር (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ) ይዞልኝ መጣ። የዘመኑ ቅብ ያለው ነው። ማጉያው ስለሚለያይ ፍትሐዊ ውድድር አይደለም፤ ግን ወንድሜ ጫካ ውስጥ የሚያየው በሱ ስለሆነ የሚጠቅመን ንጽጽር እሱ ነው። ከእህል ጆንያ ፊት ቡናማ ጨርቅ ሰቅለን ላዩ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ጨርቅ የድኩላ ትከሻ በሚያህል ቆረጥን። ግቢው ጫፍ ላይ ቆመን ጀምበር እስክትጠልቅ ጠበቅን።

ፀሐይ ከገባች በኋላ ሁለቱም ያሳያሉ። ትንሽ ቆይቶ ስኮፑ ውስጥ ሁለቱ ቡናማዎች መቀላቀል ጀመሩ። ጨርቁ ይታያል፤ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ቀጭኑ መስቀልም ጠፋ። ቢኖኩላሩ ከዛ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ለየ። 10 ደቂቃ ጥቂት ይመስላል። እኛ አገር ግን ጀምበር ቶሎ ናት የምትጨልመው፤ በኛ አካባቢ ከፀሐይ መግባት በኋላ ያለው የሚጠቅም ብርሃን 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ባሌ ላይ የደጋ አጋዘን ከጫካው ጠርዝ የሚወጣው ደግሞ በዚሁ ሰዓትና ጎህ ሲቀድ ነው።

ወንድሜ ስኮፑን አውርዶ "ይህ የቀን ነው" አለ። እኔም ከልኬቱ ያገኘሁት ይኸው ነው።

ኅዳር፣ ጠመንጃው ላይ

ከዚህ በኋላ ያለው ካምፕ ውስጥ፣ ባለሙያ አዳኙ ባለበት የተሠራ ነው። ወንድሜ በስልክ እየነገረኝ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ያልኩት ጣጣ መጣ። ስኮፑ በቀለበቶቹ ታስሮ አፈሙዙ ዒላማው ላይ ሲደረግ መስቀሉን ለማገናኘት ማስተካከያው ወደ ጫፉ መሄድ ግድ ሆነ፤ መስቀሉም ከክቡ መሀል በጣም ወጥቶ ቀረ። ጥይቱ ዝቅ ብሎ ያርፋል። መላው ከኋላ ቀለበት ሥር ስስ ነገር ማስገባት ነው። የኋላው ከፍ ሲል ስኮፑ ወደ ታች ያያል፤ ተኳሹ መስቀሉን ዒላማው ላይ ለመመለስ አፈሙዙን ያነሳል፤ ጥይቱ ከፍ ብሎ ያርፋል። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ አልሙኒየም 0.1 ሚሊ ገደማ ነው። በቀለበቶቹ መካከል 13 ሴንቲ አለ። 0.1ን ለ130 አካፍሉትና በ100 ሜትር አባዙት፦ 7.7 ሴንቲ። በሁለት ድርብ 15 ሴንቲ ያህል ወጣ፤ መስቀሉም ወደ መሀል ተመለሰ። ቀለበቱ የተጨመቀው ቦታ ላይ እንዳያርፍ 2 ሴንቲ ወደፊት ገፍተውታል። ብሎኖቹ በመስቀል ተራ በትንሽ በትንሹ ተጠበቁ።

የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ተበታተኑ። ባለሙያው ሳይነካው እንዲቀጥል አደረገ፤ ርግጫው መስቀሉን በቦታው ያስቀምጠዋል ብሎ። እውነቱን ነው። ከዛ በኋላ 3 ጥይት በ100 ሜትር 5 ሴንቲ ውስጥ ገባ። ጠመንጃውን በመኪና ኮረኮንች ላይ አንገላተው መልሰው ተኮሱ፤ መሀሉ ከ1 ሴንቲ ብዙ አልራቀም። ኮምቦልቻ ላይ በ25 ሜትር ያየሁት 2 ሚሊ እና ይህ ይቀራረባሉ። ባዶ ግቢ ውስጥ በወረቀትና በላዘር የተለካው ጥይት ላይ መያዙ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ሳትገባ በፊት፣ እስከ 150 ሜትር። ለከርከሮና ለልምምድ። አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ በዚህ አይታደንም፤ ለነሱ የድርጅቱ ሌላ ጠመንጃ አለ። ዝናብ ከጣለ ስኮፑ ይሸፈናል። ማስተካከያው አንዴ ከተቀመጠ አይዞርም፤ ለርቀት መስቀሉን ከፍ አድርጎ መያዝ ነው እንጂ ክቡን መነካካት የለም። ይህ ተጽፎ የስኮፑ ክዳኖች ላይ በፕላስተር ተለጥፏል።

ወጪው፦ ቶርኖ 1,200፣ ላዘር 300፣ አልኮል፣ ፐርኦክሳይድና ጥጥ 450፣ ሲሊካ ጄል 250፣ ኦሪንግ 80፣ ወረቀት 60። በድምሩ 2,340 ብር፣ መጓጓዣ ሳይጨምር። መያዣውና ላዘሩ ቀርተውልኛል፤ ሌላ ስኮፕ ወይም የካሜራ ሌንስ ቢመጣ ይሠሩበታል።

ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ስኮፑ ከካምፕ ተነቅሎ ወደ ደሴ ይመለሳል። ኦሪንጉን እቀይራለሁ፣ የፍሪጁንና የሳጥኑን ፈተና እደግማለሁ። መመለሻው ከ3 ሚሊ ወደ 6 ካለፈ ከጠመንጃው ይወርዳል።